ቤት ያገኙና ሜዳ ላይ የቀሩ ቅርሶች



ዕድር ሲቋቋም ከሁሉ በፊት የሚያጨቃጭቀው ድንኳኑና ወንበሩ የት ይቀመጣል የሚለው ነገር ነው። ዕቃ ቤት የሌለው ዕድር ንብረቱ በየግቢው ተበትኖ ይቀራል። የአገር ቅርስም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እንውሰድ። ተቋሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ቅርሱን በመሰብሰብ የደከሙት ግን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ኾይናትስኪ ናቸው። ሥዕሉ፣ መስቀሉ፣ ማሲንቆው፣ የገበሬው ዕቃ ሁሉ ቋሚ ቤት ያገኘው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው።

ቤቱ ደም ያየ ቤት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ጊዜም ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሹማምንት በአረንጓዴው ሳሎን ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡት፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1954 ዓ.ም. ተከፈተ። እንግዲህ ሙዚየሙ የገባው ለመኖሪያ በተሠራ ቤት ነው። የጃንሆይ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት እስካሁን አብረው ይታያሉ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ብዙው ጎብኚ ከጥንቱ ሥዕል ይልቅ መታጠቢያ ገንዳውን ሲያይ ይቆያል።

ለእኛ ለቀባሪዎች ደስ የሚለው ግን ሌላ ነው። የብሔረሰቦቹ ዕቃ የተደረደረው በየአገሩ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልጅነት ይጀምርና በሞትና ከሞት በኋላ ባለው ያበቃል።

የመቃብር ጥበብ ግን ባብዛኛው ቤት የለውም። ኮንሶ ጀግና ሲሞት ዋካ ይተክላል፤ ሟቹ፣ ሚስቶቹና የገደለው ጠላት በእንጨት ተቀርጸው አብረው ይቆማሉ። ሌቦች እየነቀሉ ለውጭ አገር ሰው መሸጥ ጀመሩ። ከሌባ እጅ ለተረፉት ካራት ከተማ ላይ ሙዚየም ተሠራላቸው። ቤቱ ደግ ነው፣ ግን የመጣው ከስርቆቱ በኋላ ነው።

የእኛው መንገድስ? ከዝዋይ (ባቱ) ወደ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ስትወርዱ የአርሲ ኦሮሞ መቃብሮች ዳርና ዳር ይታያሉ፤ ፈረሰኛው፣ አንበሳው፣ ጦሩና ጠመንጃው በቀለም ተሥሎባቸዋል። ፀሐይና ዝናብ ቀለሙን ይበላዋል። እነዚህን ነቅሎ ሙዚየም ማስገባት አይቻልም፣ አይገባምም፤ ሟች ከሥሩ ተኝቷል፣ ቤተሰብም አለው። የሚቻለው ፎቶግራፍ ማንሳትና ቤተሰቡን ጠይቆ የሟቹን ስም፣ ዘመኑንና የሣይውን ስም በመዝገብ ማስፈር ነው። ለቀብር ወደዚያ ወገን የምንሄድ አባሎች ብዙ ነን፤ ቤተሰቡ ከፈቀደ አንድ ሁለቱን መዝግበን ብንመለስ መዝገቡን የዕድሩ ጸሐፊ ዘንድ ማስቀመጥ እንችላለን።