የአያቴ ምርቃት የት ሄደ?

በጥር 1986 ዓ.ም. እህቴ ስትዳር አባቴ ሁለት ባለሙያዎች ቀጠረ፤ አንዱ ፎቶ አንሺ፣ ሌላው ቪዲዮ አንሺ። ያኔ ሁለቱም አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስለኝ ነበር።

የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። በዚያ ዘመን ሙሽሮች ፎቶ ቤት ድረስ ሄደው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ሳይነቃነቁ ይነሡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ላይካ የተባለችው ትንሽ ካሜራ ለገበያ ከቀረበች ወዲህ ግን ፎቶ አንሺው ቀስ በቀስ ከፎቶ ቤቱ ወጥቶ ድግሱ መሐል ገባ። ሆኖም በአንድ ጥቅል ፊልም የሚያነሣው 36 ያህል ፎቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ ምርጫው ከማንሣቱ በፊት ነው። ሙሽራዋ ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ስትል ጣቱ ጥቂት ከዘገየ አለቀ።

ቪዲዮ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የቪዲዮ መቅረጫ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዕቃ ነበር። ሠርግ ቤት ያደረሰው እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ውስጥ የወጣው የቪ ኤች ኤስ ካሴት ነው። በሰከንድ 25 ምስል ሲቀርጽ የሦስት ሰዓቱ ካሴት 270,000 ምስል ይይዛል። እዚህ ጭንቁ የሚመጣው ድግሱ ካለፈ በኋላ፣ አቀናባሪው ሁለት ማጫወቻ አገናኝቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለብጥ ነው። የትኛው ይቆይ? የትኛው ይውጣ? በተገለበጠ ቁጥርም ምስሉ ይደበዝዛል።

በእህቴ ሠርግ አያቴ ረዘም ያለ ምርቃት መርቃ ነበር። አቀናባሪው «ያሰለቻል» ብሎ ቆረጠው፤ በቦታው ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ አስገባ። ያን ጊዜ ማንም ቅር አላለውም፤ እንዲያውም «ጥሩ አድርጎ አሳጠረው» ተባለ። አያቴ በዓመቱ ዐረፈች። ዋናውን ካሴት ፍለጋ ስንሄድ የሌላ ሰው ሠርግ ተቀርጾበት አገኘነው።

ፎቶው ግን ዛሬም አልበሙ ውስጥ አለ። እህቴ ጎንበስ ብላለች፤ አያቴ እጇን ራሷ ላይ ጭናለች፤ አፏ ገርበብ ብሏል። እየመረቀች ነው። ምን እንዳለች ግን ከመካከላችን በትክክል የሚያስታውስ የለም።

እንግዲህ ፎቶ አንሺ የሚወቀሰው ሳያነሣ ባመለጠው ነው፤ አቀናባሪ ደግሞ በእጁ ገብቶ በጣለው። ዛሬ ፊልሙም ካሴቱም ቀርቶ አንድ ዲጂታል ካሜራ ሁለቱንም ይሠራል፤ የመቁረጡ ሥልጣን ግን አልቀረም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ልጅ የምትድር ከሆነ የተቀናበረውን ብቻ ተቀብለህ አትሂድ። ያልተቆረጠውንም ጠይቅ፤ የሽማግሌዎች ድምፅ ያለው እዚያ ነው።