ወጣት ሴቶች ከሱስ እንዲላቀቁ የሚደረግ ድጋፍ

በኢትዮጵያ ወጣቶችን ለሱስ ከሚዳርጉት መካከል ጫት፣ አልኮል፣ ሲጋራና ሺሻ በዋናነት ይጠቀሳሉ። ወንዱም ሴቷም ለእነዚህ ተጋላጭ ቢሆኑም፣ የሴቷ ችግር ተሸፍኖ የመቆየት ዕድሉ የሰፋ ነው። ወንድ ልጅ ሲቅም ቢታይ ይገሠጻል፤ ሴት ልጅ ግን ስሟ ይጠፋል። በዚህም ምክንያት በዝግ ቤት ትቅማለች፤ ለቤተሰብም ለሐኪምም አትናገርም።

አጀማመሩ ብዙውን ጊዜ ቀላል ይመስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከወላጆቿ ርቃ ዩኒቨርሲቲ የገባች ተማሪ ለፈተና ነቅታ ለማጥናት፣ ከጓደኞቿ ላለመለየት ወይም የምግብ ፍላጎቷን ቀንሳ ለመክሳት ጫት ልትጀምር ትችላለች። በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚታዩ መልኮች ጋር ራሷን እያወዳደረች «አላምርም፣ አልበቃም» የምትል ወጣት ለእንዲህ ያለው ግፊት ይበልጥ ተጋላጭ ናት። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ለጊዜው ንቃት ይሰጣል። ምርቃናው ሲያልፍ ግን ድብርት፣ ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። ይህንን ለመስበር በተለምዶ «ጨብሲ» የሚባለው መጠጥ ይጨመራል፤ አንዱ ሱስ ሌላውን የሚስበውም በዚህ መንገድ ነው።

ቤተሰብ ሊያስተውላቸው ከሚገቡ ምልክቶች መካከል የእንቅልፍ ሰዓት መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ከቤተሰብ መሸሽ፣ የትምህርት ውጤት ማሽቆልቆልና ምክንያቱ የማይታወቅ የገንዘብ ጥያቄ ይገኙበታል። አንዱን ምልክት ብቻ አይቶ መደምደም ግን ተገቢ አይደለም፤ ድብርት ብቻውንም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል።

ንግግሩን «ሰው ምን ይለናል» ብሎ መጀመር በሩን ይዘጋል። ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ጤናዋና ስለሚያስጨንቃት ነገር በእርጋታ መጠየቅ፣ ሳያቋርጡም ማዳመጥ የተሻለ ነው። እናት መናገር ከከበዳት፣ ልጅቷ የምታምናት አክስት ወይም ታላቅ እህት ልትጀምረው ትችላለች። ማገርሸት በሕክምና ሂደት የሚያጋጥም ስለሆነ፣ እንደ ክህደት ተቆጥሮ ድጋፉ ሊቋረጥ አይገባም።

ለረጅም ጊዜ አልኮል አብዝታ የጠጣች ሴት በራሷ ውሳኔ በድንገት ማቆም የለባትም። መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥና የአእምሮ መደናገር ሊከተሉ፣ ሕይወቷንም ሊያሳጧት ስለሚችሉ፣ በሕክምና ክትትል ማቆም ይኖርባታል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም ስለምትጠቀመው ነገር ለክትትል ባለሙያዋ በግልጽ መናገሯ ለራሷም ለጽንሱም ይጠቅማል። የጤና ባለሙያ የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ለመጀመሪያ ምርመራ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል፤ አስፈላጊ ሲሆን የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ይጻፋል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል።

በስካር ላይ ሳለች የተደፈረች ወጣት ጥፋተኛዋ እርሷ አይደለችም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት፣ ሳትታጠብ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባታል። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሕክምና፣ የሥነ ልቦናና የሕግ ድጋፍ በአንድ ማዕከል ይሰጣል።

በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልም ሆነ ትምባሆ መሸጥ የተከለከለ ነው። በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ አካባቢ ይህንን የሚጥሱ ቤቶችን ወላጆችና ተማሪዎች ለአካባቢው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ አካል ወይም ለፖሊስ ማመልከት ይችላሉ።