የአላህ ቃል ኪዳንና የውለታ ክህደት፦ ከኦሪት እስከ ክብረ ነገሥት

በዐረብኛ «ኩፍር» የሚለው ቃል አለማመንንም ውለታን መካድንም ይገልጻል። አማርኛችንም እንዲሁ ነው፤ እምነቱን የተወም፣ የተደረገለትን በጎ ነገር የረሳም «ካደ» ይባላል። በኦሪት የተተረከው የእስራኤል ልጆች ታሪክ ሁለቱ ክህደቶች አንድ ሥር እንዳላቸው ያሳያል።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 13 እና 14 መሠረት፣ የተመረጡ 12 ሰዎች የከነዓንን ምድር 40 ቀን ሰልለው፣ ፍሬዋን ይዘው ተመለሱ። ይሁንና ከኢያሱና ከካሌብ በቀር አሥሩ ሕዝቡን አስፈሩት፤ ሕዝቡም ወደ ግብፅ ለመመለስ ተመኘ። ከባርነት ያወጣውን ጌታ ውለታ ስለ ረሳ፣ ተስፋውን ማመን ተሳነው፤ 40 ዓመትም በምድረ በዳ ተንከራተተ። ሱረቱል ማኢዳ (5፥20–26) ይህንኑ ሲያወሳ፣ ሙሳ (ዐ.ሰ) በቅድሚያ ሕዝባቸውን ያሳሰቡት የአላህን ጸጋ እንዲያስታውስ ነው፤ ወደ ምድሪቱ የመግባት ትእዛዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 9 ደግሞ፣ ምድሪቱ የተሰጠቻቸው በጽድቃቸው እንዳልሆነ ይነግራቸዋል።

በሀገራችን ይህ የቃል ኪዳን ታሪክ ሌላ መልክ ያዘ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግዕዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት፣ ታቦተ ጽዮን ወደ ኢትዮጵያ መምጣቷን ተርኮ፣ መመረጥ ከእስራኤል ወደዚህ መሻገሩን ያስተምራል። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 2 የዘውዱን ዘር ሐረግ ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር አያያዘ። በዚህ ትረካ ሙስሊሙ ኢትዮጵያዊ የኪዳኑ ባለቤት አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ሕገ መንግሥቱም ታገደ። ይህን መለኮታዊ ፍርድ ነው ማለት የታሪክ ጸሐፊ ድርሻ አይደለም፤ ነገር ግን የዘር ሐረግ ዙፋኑን ሊያጸናው አልቻለም።

ጥያቄው ወደ እኛም ይመለሳል። በ615 እ.ኤ.አ. ሰሐቦች ወደ ሐበሻ መሰደዳቸውን በኩራት እናወሳለን፤ ተገቢም ነው። ነጃሺ የተመሰገኑት ግን በዘራቸው ሳይሆን፣ የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ሲመጡ ስደተኞቹን አሳልፈው ባለመስጠታቸው ነው። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ስለ ዘራቸው በጠየቁ ጊዜም፣ የአላህ ቃል ኪዳን በዳዮችን እንደማያካትት ተነግሯቸዋል (2፥124)።

ስለዚህ የእስራኤል ልጆችን ታሪክ በመድረሳና በሚንበር የምናነሳው ሌላውን ለመውቀስ ከሆነ፣ ትምህርቱ አምልጦናል። ሐበሻ ስደተኛን ያስጠጋች ምድር መሆኗ ጸጋ ነው፤ የዚህ ጸጋ ምስጋና ዛሬ በራችንን ለሚያንኳኳው ስደተኛ በምንሰጠው መልስ ይታወቃል።