የፀሐይ ግርዶሽ በሰሜን ዋልታ አካባቢ

አገር ቤት ሳለን ሽማግሌዎቻችን ወሩን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነበር፤ አዲስ ጨረቃ የምትወለድበትንም ቀን ያከብሩ ነበር። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነውም በዚሁ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጨረቃ በምድርና በፀሐይ መካከል ገብታ ጥላዋን ትጥላለች። ስለዚህ ግርዶሽ ድንገት የሚወርድ መዓት ሳይሆን በቁጥር አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው።

ሰዓቱን ማወቅ ግን ብቻውን አይበቃም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኦገስት 9 ቀን 1896 ጥላው በሰሜን ኖርዌይና በሩሲያ ሰሜን በሚገኘው ኖቫያ ዘምልያ በተባለ የበረዶ ምድር እንደሚያልፍ ሊቃውንት አስልተው ነበር። ብዙዎች በመርከብ ተጉዘው ቫድሶ በምትባል የኖርዌይ ወደብ ተሰበሰቡ። ቀኑ ሲደርስ ደመና ሸፈነባቸውና ሳያዩ ተመለሱ። እስከ ኖቫያ ዘምልያ የዘለቁት ጥቂቶች ግን አዩ። ከነርሱ አንዱ ዊልያም ሻክልተን በፀሐይ ጠርዝ ለቅጽበት ብቻ የሚታየውን ብርሃን በየቀለሙ ከፋፍሎ ፎቶግራፍ አነሣው፤ ከርሱ በፊት ይህን ያደረገ አልነበረም።

ማርች 20 ቀን 2015፣ በሮሽ ሆዴሽ ኒሳን ዋዜማ፣ ጥላው እንደገና ወደዚያ አካባቢ መጣ። በፋሮ ደሴቶች የተሰበሰቡትን አብዛኞቹን ደመና ከለከላቸው። የኖርዌይ ግዛት በሆነው በስቫልባርድ ግን ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። በዚያ ባለችው በሎንግየርቢየን ከተማ ፀሐይ ክረምቱን ሙሉ አትወጣም፤ ከተራሮቹ በላይ ብቅ ብላ ለከተማው የምትታየው በማርች 8 ቀን ገደማ ነው። ነዋሪዎቹ ናፍቀው የተቀበሏት ፀሐይ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ ላይ፣ ለ2 ደቂቃ ተኩል ያህል ጨለመች። ለዚህች አጭር ጊዜ ሲሉ ብዙ እንግዶች ከሩቅ አገር መጥተው በብርዱ ቆሙ። በዋዜማው በድንኳን ያደረ አንድ እንግዳ በነጭ ድብ ተነክሶ ቆስሏል።

ኦገስት 2 ቀን 2027 ደግሞ ጥላው በግብፅ ላይ ያልፋል፤ በእስራኤል ፀሐይ በከፊል ትሸፈናለች። በከፊል የተሸፈነች ፀሐይ ዐይን ታጠፋለችና ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ሳይኖር ማየት አይገባም፤ ተራ የፀሐይ መነጽር አይበቃም። ሰዓቱን ሊቃውንት ይነግሩናል፤ የልጆቻችንን ዐይን መጠበቅ ግን የኛ የወላጆች ፈንታ ነው።