ሣሩ፣ ላሚቱና ዱቄት ወተቱ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ላም ስትግጥ ለሚያይ ሰው ስለ አቶም ማውራት ቅዠት ይመስላል። ግን ራዲዮአክቲቭ ብናኝ ወደ ሰው ሆድ የሚገባበት አጭሩ መንገድ ይኸው ነው፤ በዝናብ ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ወተት።

እ.ኤ.አ. በ1960 ፈረንሳይ የመጀመሪያውን የአቶም ቦምቧን እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ በአልጄሪያ ሰሐራ አፈነዳች። በዚያው ዓመት የሾላ ወተት ማቀነባበሪያ በዩኒሴፍ እርዳታ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ሁለቱን ነገር ያኔ ማን አያይዞ ያስባቸዋል?

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ቼርኖቢል ፈነዳ፤ የአውሮፓ ግጦሽ ተበከለ። ወተቱ ቢደርቅ አዮዲን 131 አያሰጋም፤ በ8 ቀን ግማሹ ስለሚጠፋ መጋዘን ውስጥ ያልቃል። ሲዚየም 137 ግን ግማሹ እንዲጠፋ 30 ዓመት ይፈልጋል። ውሃው ሲተን እሱ ዱቄቱ ውስጥ ይቀራል፤ አይብ ሲወጣም ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በወሩ ለወተት በኪሎ 370 ቤክረል ወሰን አወጣ። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1987 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ምን ተገኘ? በባቡር ፉርጎ የተጫነ የተበከለ የአጓት ዱቄት፣ ያውም ወደ አፍሪካ ሊላክ! ባለቤት ያጣው 5,000 ቶን ገደማ ዱቄት በመንግሥት እጅ ቀረ።

እኛስ? የ1977ቱ ረሃብ ገና አልሻረም ነበር። የወተት ልማት ድርጅት ከገበሬው ከሚሰበስበው ወተት ሌላ በእርዳታ የመጣ ዱቄት እየበጠበጠ ያከፋፍል ነበር። የእኛ ድርሻ የተበከለ ነበር ማለታችን አይደለም። የምንለው ሌላ ነው፤ የተራበ ሰው የተሰጠውን ይቀበላል፣ «ስንት ቤክረል አለው?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ሕግም መሣሪያም ያስፈልገዋል። የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 79 የተቋቋመው በ1986 ዓ.ም. ነው፤ ከቼርኖቢል ስምንት ዓመት ቆይቶ።

መሣሪያውም ብቻውን አይበቃም። ጤነኛ ወተት ራሱ በተፈጥሮ ፖታሲየም 40 አለበት፣ በሊትር 50 ቤክረል ገደማ። ስለዚህ ንባቡ መቼም ባዶ አይሆንም። ጭማሪ መጣ ለማለት የቀድሞው መታወቅ አለበት፤ የሱሉልታው፣ የሰበታው፣ የቡራዩው ወተት በደህናው ቀን፣ ክረምትም በጋም፣ እየተለካ መመዝገብ አለበት።