የነዳጅ መስጫ ፔዳል ተይዞ ሲቀር፦ መንስኤውና መፍትሔው

በአጋርፋ፣ በሮቤና በጎባ መንገዶች እህልና መንገደኛ ከሚያመላልሱ ተሽከርካሪዎች መካከል ረጅም ዘመን ያገለገሉ አሉ። በእንዲህ ያሉ መኪኖች ላይ ከሚከሠቱ ብልሽቶች አንዱ፣ አሽከርካሪው እግሩን ሲያነሣ የነዳጅ መስጫ ፔዳሉ ወደ ቦታው አለመመለሱ ነው። ከሳነቴ አምባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ይህ ቢያጋጥም የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

በጉዞ ላይ ሲያጋጥም፦ አሽከርካሪው ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን በእጁ ለማላቀቅ አይሞክር። ፍሬኑን አንድ ጊዜ አጥብቆ ይርገጥ እንጂ አይደጋግም፤ በቤንዚን መኪና ላይ መደጋገም የፍሬኑን አጋዥ ኃይል ያሟጥጣል። ወዲያው ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ዜሮ ያድርግ። ሞተሩ ቢጮኽም ጉልበቱ ወደ ጎማ አይደርስም። ሞተሩን ማጥፋት ያለበት ዳር ይዞ ከቆመ በኋላ ነው፤ መኪናው እየሄደ ቁልፍ መንቀል መሪውን ሊቆልፈው ይችላል።

መንስኤዎቹ፦ በመጀመሪያ የሚታየው የእግር ምንጣፍ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለማስተካከል የጠራው ምንጣፉ ፔዳሉን ሊይዝ ስለሚችል ነበር። ሌሎቹ መንስኤዎች በፔዳሉ ማጠፊያ የገባ ጭቃና የገለባ ብናኝ፣ የተፈተለ የብረት ገመድ፣ የደከመ መላሽ ሞላና የቆሸሸ ካርቡራተር ናቸው። በገመዱ ሽፋን ውስጥ የገባ ውኃም በውርጭ ጠዋት በረዶ ሆኖ ገመዱን ሊይዘው ይችላል።

ምርመራ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ፣ እጅ ፍሬን ተይዞ፣ ገመዱ በሞተሩ በኩል ይፈታል። ገመዱ ታስሮበት የነበረው ማንሻ በእጅ ተስቦ ሲለቀቅ ፈጥኖ ካልተመለሰ ችግሩ በሞላው ወይም በካርቡራተሩ ላይ ነው። ፈጥኖ ከተመለሰ ግን ገመዱና ፔዳሉ ይፈተሹ።

ጥገና፦ ማጠፊያው ጸድቶ ጥቂት ዘይት ይቀባል፤ ካርቡራተሩ በካርቡራተር ማጽጃ ይታጠባል። ክሩ የተበጠሰ ገመድ ዘይት ቢጠጣም አይድንም፣ ይለወጣል። የደከመን ሞላ በጎማ ቁራጭ ወይም በሽቦ መተካት አደጋን ማራዘም ነው። የናፍጣ መኪና ፖምፓ ማንሻ ከያዘ፣ ወይም ፔዳሉ ገመድ የሌለውና በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ከሆነ፣ ሥራው የባለሙያ ነው።

ከጥገናው በኋላ ፔዳሉ በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀጥሎም መኪናው ዜሮ ማርሽ ላይ እንደቆመ ደጋግሞ ይፈተን። አንድ ጊዜ እንኳ ዘግይቶ ከተመለሰ መኪናው ጭነትም ሆነ ሰው ይዞ ሊወጣ አይገባም።