«ሐራ» ወይስ «ሀራ»? የአንድ አጭር ቃል ፍችና ሥርወ ቃል

በወልዲያ፣ በመርሳና በሐብሩ የሚዘዋወር ሰው የቦታ ስሞችን ለመተርጐም መፈተኑ አይቀርም። «መርሳ» በዐረብኛ የመርከብ ማረፊያ ወደብ ነው፤ የሐብሩዋ መርሳ ግን ከባሕር እጅግ የራቀች ከተማ ናት። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ምስክር አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው የአካባቢውን ሌላ ስም፣ «ሐራ»ን ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም የተጀመረው ከአዋሽ በኮምቦልቻ እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር ስሙን ከወሎ ውጭም አሳውቆታል።

በግእዝ «ሐራ» ሠራዊት፣ ጭፍራ ማለት ነው፤ «ሐራዊ» ደግሞ ወታደርም ነጻ ሰውም ይባላል። በትግርኛ «ሓራ» ነጻ፣ «ሓርነት» ነጻነት ነው። የዐረብኛው «ሑር» ነጻ፣ የዕብራይስጡ «ሖሪም» መኳንንት ማለት ናቸው። ወታደርነትና ነጻነት በአንድ ቃል መገናኘታቸው ሊያስገርመን አይገባም፤ የአማርኛው «ጨዋ»ም በዜና መዋዕሎቻችን የንጉሥ ጭፍራ ሲሆን ዛሬ በመልካም አስተዳደግ የታነጸ ሰው ነው።

በሌላ በኩል በኦሮምኛ «ሃራ» አዲስ፣ «ሀሮ» ሐይቅ ነው። በዚህ ተነሥቶ «ሐራ ገበያ»ን «አዲስ ገበያ» ብሎ መፍታት ይቀላል። ነገር ግን በኦሮምኛ ቅጽል ከስም በኋላ ስለሚመጣ «አዲስ ገበያ» ለማለት ገበያው ይቀድም ነበር። የሐረጉ አወቃቀር የአማርኛ ነው፤ ትርጉሙም «የሐራ ገበያ» ነው። ይህ ግን «ሐራ» ራሱ ከየት እንደ መጣ አይወስንም።

በእኔ አስተያየት ችግሩን ያከበደው ሞክሼ ፊደላችን ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ሐ»ንና «ሀ»ን በድምፅ አይለይም። ስለዚህ ጸሐፊ በ«ሐ» ሲጽፍ ሳያውቀው ለግእዝ፣ በ«ሀ» ሲጽፍ ለኦሮምኛ ይፈርዳል። እኔም በዚህ ጽሑፍ በ«ሐ» የጻፍሁት ለመለያ ያህል እንጂ ለፍርድ አይደለም። አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በሚገናኙበት አገር የፊደል ምርጫ የባለቤትነት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ጉዳቱ ከቋንቋ ጥናት ያልፋል።

መንገዱ ማድመጥ ነው። ትግርኛና አፋርኛ የጉሮሮውን «ሐ» ከ«ሀ» ለይተው ይናገራሉ። በአካባቢው የሚገበያዩ የአፋር ሽማግሎች ስሙን እንዴት እንደሚጠሩት በድምፅ መቅዳት፣ ከቆዩ ጽሑፎችም ጋር ማነጻጸር ለትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች የሚገባ ሥራ ነው። እስከዚያው ድረስ ሁለቱንም አጻጻፍ ጐን ለጐን መመዝገብ ይሻላል።